ትምህርቱ ከመቀረጹ በፊት፦ የስቶሪቦርድ አዘገጃጀትና የግምገማ ሥርዓት

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ቀድሞ አንድ የልማት ሠራተኛ አዲስ የአሠራር ዘዴ ለገበሬው ሲያስተምር የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች የሠርቶ ማሳያ ማሳ፣ ተገላባጭ የሥዕል ገጾችና የራሱ አንደበት ነበሩ። እነዚህ ዛሬም አልቀሩም። ይሁን እንጂ ትምህርት በስልክ፣ በታብሌትና በአነስተኛ የፊልም ማሳያ መሰጠት ከጀመረ ሰንብቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በህንድ አገር የተጀመረው፣ ገበሬ ገበሬን በአጭር ፊልም የሚያስተምርበት የዲጂታል ግሪን ዘዴ በኢትዮጵያም ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ሥራ የጀመረው የ8028 የነፃ የስልክ መስመር ገበሬው በተቀዳ ድምፅ የግብርና ምክር እንዲያገኝ አድርጓል።

በእነዚህ መሣሪያዎች የሚሰጥ ትምህርት ትልቅ ጥቅምና ትልቅ አደጋ አብሮ ይዞ ይመጣል። አንድ የልማት ሠራተኛ በአንድ ቀበሌ በቃሉ ሲያስተምር ቢሳሳት በማግሥቱ ተመልሶ ሊያርም ይችላል፤ ስሕተቱም ከቀበሌው አይወጣም። የተቀረጸ ትምህርት ግን ከስልክ ወደ ስልክ ይዛመታል። አዘጋጁ ስሕተቱን ደርሶበት የታረመ ቅጂ ቢልክም፣ የቀድሞው ቅጂ በስንት ሰው እጅ እንደ ቀረ ማወቅ አይችልም። ትምህርቱ ስለ እህል አያያዝ ወይም ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት ከሆነ፣ አንድ የተዘለለ ቃል የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ ወይም ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ትምህርቱ ከመቀረጹ በፊት በወረቀት ላይ መነደፍና በሚመለከታቸው ሁሉ መገምገም አለበት። ይህ ጽሑፍ ንድፉ እንዴት እንደሚዘጋጅና ግምገማው በምን ሥርዓት እንደሚካሄድ፣ በቆሎን በባለ ሦስት ሽፋን ጆንያ ስለ ማከማቸት በሚሰጥ ትምህርት ምሳሌነት ያስረዳል።

ስቶሪቦርድ ምንድን ነው?

ስቶሪቦርድ ማለት የሚቀረጸው ትምህርት ሥዕሉ፣ ቃሉና የተማሪው ተግባር ተራ በተራ በወረቀት ላይ የሚሰፍርበት ንድፍ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ቋሚ ከማቆሙ በፊት ችካል ተክሎ ገመድ ይወጥራል። ገመዱን ማዛወር ቀላል ነው፤ የቆመውን ግድግዳ ማዛወር ግን ማፍረስን ይጠይቃል። ስቶሪቦርድም ለትምህርቱ እንደ ገመዱ ነው።

ዘዴው የመጣው ከፊልም ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በዋልት ዲዝኒ የካርቱን ፊልም ማዘጋጃ ሠዓሊዎች የታሪኩን ሥዕሎች በየወረቀቱ እየሣሉ በሰሌዳ ላይ በተራ ይለጥፉ ጀመር። ሥዕሎቹን ማንሳት፣ ማዛወርና መጣል ስለሚቻል የታሪኩ ጉድለት ዋናው ሥራ ሳይጀመር ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው የሦስቱ ትንንሽ አሳማዎች አጭር ፊልም በዚህ ዘዴ ከታቀዱት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1975 በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሥልጠና የተዘጋጀው አሠራር የትምህርትን ዝግጅት በአምስት ደረጃ ከፈለው፤ እነርሱም ጥናት፣ ንድፍ፣ ምርት፣ ማስተማርና ግምገማ ናቸው። ስቶሪቦርድ በንድፍና በምርት መካከል ያለ ድልድይ ነው።

አንድ የስቶሪቦርድ ገጽ የሚከተሉትን ስድስት ነገሮች ይይዛል፦

1. የገጹ ቁጥር፣ የረቂቁ ቁጥርና ቀን፤
2. በማያው ላይ የሚታየው ሥዕል ወይም ትዕይንት፤ ሥዕሉ ማማር የለበትም፣ በእርሳስ የተሠራ ቀላል ንድፍ ይበቃል፤
3. የሚሰማው ቃል፣ አንድም ሳይቀር እንደሚነበበው ሆኖ፤
4. በማያው ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ፤ ይህ በጣም አጭር መሆን አለበት፤
5. ተማሪው የሚያደርገው፤ ለምሳሌ መልስ መምረጥ ወይም ወደሚቀጥለው ማለፍ፤
6. ለቀራጩ የሚሰጥ ማስታወሻ፤ ለምሳሌ እጅ በቅርበት እንዲታይ ወይም በቦታው ሊገኝ የሚገባው ዕቃ።

በአንድ ገጽ ላይ አንድ ሐሳብ ብቻ ይስፈር። ሁለት ሐሳብ ከተገኘ ገጹ ለሁለት ይከፈል። የትምህርቱን ርዝመት ለማወቅ የሚሰማውን ቃል ሰዓት ይዞ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው። በዓይን ሲነበብ አጭር የመሰለ ጽሑፍ በአፍ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ረዝሞ ይገኛል።

ከስቶሪቦርዱ አስቀድሞ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ንድፉ ከመጀመሩ በፊት አዘጋጁና ሥራውን ያዘዘው ወገን፣ ማለትም የግብርና ጽሕፈት ቤቱ፣ ዩኒየኑ ወይም መሠረታዊ ማኅበሩ፣ በአንድ ላይ ተቀምጠው ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ መመለስ አለባቸው።

አንደኛ፣ የሚማረው ማን ነው? የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂና በቤቷ እህል የምታስቀምጥ እመቤት የሚያስፈልጋቸው ትምህርት አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከትምህርቱ በኋላ ምን ማድረግ ይችላል? እዚህ ላይ «ስለ ነቀዝ ያውቃል» የሚል መልስ አይጠቅምም፤ ማወቁ በዓይን አይታይምና። «የበቆሎውን ድርቀት በጨው ይፈትሻል፤ የጆንያውን ላስቲኮች ቀዳዳ እንደሌላቸው ያረጋግጣል፤ ሦስቱን ሽፋኖች አንድ በአንድ ያስራል» የሚለው ግን የሚታይና የሚመዘን ነው።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ በምን ላይ ይታያል? መብራትና ኔትወርክ በማይገኝበት ቀበሌ የሚታይ ትምህርት መጠኑ ትንሽ፣ ያለ ኔትወርክ የሚከፈትና ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ መሆን አለበት። ይህ በመጀመሪያ ካልተወሰነ፣ ያማረ ትምህርት በወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

ይህ ገጽ በሁለቱም ወገን ይፈረምበት። በኋላ በሚነሳው ክርክር ሁሉ ዳኛው ይኸው ወረቀት ነው።

ምሳሌ፦ በቆሎን በባለ ሦስት ሽፋን ጆንያ ስለ ማከማቸት

ባለ ሦስት ሽፋኑ ጆንያ፣ በተለምዶ ፒክስ የሚባለው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሩን አገር ለኮውፒ ጥራጥሬ ማከማቻ ካወጡት ዘዴ የመነጨ ነው። ከውስጥ ሁለት ላስቲኮች፣ ከውጭ አንድ የተሸመነ ጆንያ አለው። አየር ሳይገባ ሲታሰር በውስጡ ያለው ነቀዝ ኦክሲጅኑን ተንፍሶ ይጨርሳል፤ መብላቱንና መራባቱን ያቆማል፣ ቀስ በቀስም ይሞታል። ስለዚህ መድኃኒት መጨመር አያስፈልግም። ትምህርቱ በአሥራ ሁለት ገጽ ሲነደፍ የሚከተለውን ይመስላል፦

ገጽ 1. በአንድ እጅ መዳፍ ነቀዝ የበሳው በቆሎ፣ በሌላው ጤነኛ በቆሎ።
ገጽ 2. ማሳ ላይ ያለ የበቆሎ ራስ። ነቀዝ በቆሎው ገና ሳይሰበሰብ በማሳ ሳለ ሊገባበት እንደሚችል ይነገራል።
ገጽ 3. የተፈለፈለው በቆሎ በመሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ ሲሰጣ።
ገጽ 4. የጨው ፍተሻ። በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ደረቅ ጨው ይጨመራል፤ ተከድኖ ይናጣል፤ ለ15 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል።
ገጽ 5. ሁለት ጠርሙሶች ይታያሉ፤ በአንዱ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ተጣብቋል። ተማሪው ያልደረቀውን ይመርጣል።
ገጽ 6. ላስቲኮቹ በአየር ተሞልተው፣ አፋቸው ተይዞ ሲጨመቁ። አየር የሚወጣበት ካለ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።
ገጽ 7. አንዱ ላስቲክ በሌላው ውስጥ፣ ሁለቱም በጆንያው ውስጥ ሲገቡ።
ገጽ 8. በቆሎው ሲሞላና አየሩ እንዲወጣ ሲጠቀጠቅ፤ ለማሰሪያ የሚበቃ አፍ ሲተው።
ገጽ 9. አስተሳሰር።
ገጽ 10. ነቀዙ ለምን እንደሚሞት።
ገጽ 11. ጆንያው በርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ አይጥ በማይደርስበት ቦታ።
ገጽ 12. የማይደረጉ ነገሮችና የማጠቃለያ ጥያቄዎች።

ከእነዚህ የገጽ 9 ንድፍ በሙሉ ሲጻፍ እንደሚከተለው ነው፦

ቁጥርና ቀን፦ ገጽ 9፣ ረቂቅ 2፣ ግንቦት 12።
ሥዕል፦ የሴት እጆች የውስጠኛውን ላስቲክ አፍ ሲጠመዝዙ፣ ሲያጥፉና በሲባጎ ሲያስሩ። ፊት አይታይም፣ እጅ ብቻ።
የሚሰማ ቃል፦ «መጀመሪያ የውስጠኛውን ላስቲክ አፍ አጥብቀው ይጠምዝዙ። የተጠመዘዘውን አጥፈው በሲባጎ ይሰሩት። ቀጥሎ ሁለተኛውን ላስቲክ በዚሁ ዓይነት ይሰሩ። በመጨረሻ የውጭውን ጆንያ ይሰሩ። ሦስቱን በአንድ ላይ አይሰሩ።»
ጽሑፍ፦ ሦስት ሽፋን፣ ሦስት ማሰሪያ።
የተማሪው ተግባር፦ የአስተሳሰሩን ቅደም ተከተል የሚያሳዩ ሦስት ሥዕሎችን በተራ መደርደር።
ማስታወሻ፦ ሦስት ሲባጎዎች አስቀድመው ተቆርጠው ይዘጋጁ። እጁ ካሜራውን እንዳይከልል።

ከዚህ ገጽ እንደሚታየው ቀራጩ ቦታው ሲደርስ የሚጠይቀው ነገር አይኖርም። ድምፅ የሚሰጠውም ሰው ምን እንደሚል ያውቃል። ገምጋሚውም ነገሩን በሐሳቡ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል።

ወቅቱ አይጠብቅም

በግብርና ትምህርት ላይ ስቶሪቦርድ የሚጠቅምበት አንድ የተለየ ምክንያት አለ። የቢሮ ሥራን የሚያስተምር ፊልም በማንኛውም ቀን ሊነሳ ይችላል። በቆሎ ሲሰጣ፣ ሲፈለፈልና በጆንያ ሲገባ የሚታየው ግን በመኸር ወቅት ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ገጽ 6 ሳይነሳ ቢቀር፣ ላስቲኩን በሌላ ጊዜም መንሳት ይቻላል፤ ገጽ 2 ግን ካመለጠ የሚቀጥለውን ዓመት አዝመራ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ ስቶሪቦርዱ የቀረጻ ዝርዝርም ሆኖ ያገለግላል። ቀራጩ ወደ ማሳ ሲሄድ አሥራ ሁለቱን ገጾች ይዞ፣ የተነሳውን ምልክት እያደረገ ይመለሳል። የጊዜ ሰሌዳውም ከኋላ ወደ ፊት ይቆጠር። ቀረጻው በኅዳር ከሆነ፣ ስቶሪቦርዱ ቢዘገይ በመስከረም መጨረሻ ጸድቆ ማለቅ አለበት፤ ለግምገማው ደግሞ ክረምቱ ይመደባል። ትምህርቱ ለተማሪው የሚደርሰው በሚቀጥለው ዓመት አዝመራ ከመሰብሰቡ በፊት ይሆናል። ይህን ሳያሰሉ መቸኮል «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደተባለው ነው።

የግምገማ ሥርዓት

ግምገማ ማለት ረቂቁን በትኖ አስተያየት መጠበቅ አይደለም። በየትኛው ደረጃ፣ ማን፣ ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ገምጋሚዎቹ ሁሉ ፊደል ሲያርሙ ዋናው ስሕተት ያልፋል። ሦስት ደረጃዎች ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ደረጃ ዝርዝሩ ነው። እዚህ የሚታየው የገጾቹ ርዕስና ቅደም ተከተል ብቻ ነው። የሚጠየቀውም «የጎደለ አለ ወይ? የበዛስ?» የሚለው ነው። አንድ ገጽ መጨመር ወይም መሰረዝ የሚፈለግ ከሆነ ጊዜው ይህ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ስቶሪቦርዱ ነው። እዚህ እያንዳንዱ ቃልና ሥዕል ይመረመራል። ከሦስቱ ረዥሙን ጊዜ የሚወስደው ይኸኛው ሲሆን፣ መውሰድም ይገባዋል። በዚህ ደረጃ ስሕተት ማረም ላጲስና ጥቂት ሰዓት ብቻ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ደረጃ የመጀመሪያው ቅጂ ነው። እዚህ የሚታየው የተቀረጸው ከጸደቀው ስቶሪቦርድ ጋር መመሳሰሉ፣ ድምፁ መሰማቱና ጥያቄዎቹ በትክክል መሥራታቸው ነው። በዚህ ጊዜ አዲስ ሐሳብ ማምጣት ድምፅ የሰጠውን ሰው እንደገና መጥራት፣ ፊልሙን እንደገና መቁረጥ፣ ምናልባትም እንደገና ወደ ማሳ መውጣት ይሆናል። ስለዚህ አዲስ ሐሳብ ያለው ገምጋሚ ለሚቀጥለው ዕትም ያስመዝግብ። ከዚህ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውን ወይም እህልን የሚጎዳ ስሕተት በተገኘ ጊዜ ሁሉ ይታረማል፣ ዋጋውም አይጠየቅም።

አዛዡ ወገን አስተያየቱን የሚሰበስብ አንድ ሰው ይሰይም። ከአንድ ጽሕፈት ቤት አምስት ሰዎች አምስት ዓይነት አስተያየት በየፊናቸው ቢልኩ፣ አዘጋጁ የማን ትእዛዝ እንደሚበልጥ ሊያውቅ አይችልም። የጽሕፈት ቤቱን የውስጥ ልዩነት አስታርቆ በአንድ አፍ መናገር የተሰየመው ሰው ኃላፊነት ነው። አስተያየት የሚሰጥበት ቀን ይወሰን፤ ቀኑ ሲያልፍ ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠር እንደሆነም አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ።

አስተያየቱ የሚሰፍርበት ቅጽ አምስት ዓምድ ይኑረው፦ የገጽ ቁጥር፣ አስተያየቱ፣ የሰጪው የሥራ ድርሻ፣ ክብደቱ፣ የተሰጠው መልስ። ክብደቱ በሦስት ይመደባል። «ሀ» ማለት ስሕተት ነው፣ የግድ ይታረም፤ «ለ» ማለት ቢታረም ትምህርቱ ይሻላል፤ «ሐ» ማለት የገምጋሚው ምርጫ ነው፣ ለአዘጋጁ ይተው። ይህ ምደባ ገምጋሚውን ራሱን ያስተምራል። ብዙ ሰው አስተያየቱን በ«ሐ» ሥር ለማስፈር ሲገደድ ያን ያህል አስፈላጊ እንዳልነበረ ያየዋል።

ጥሩ አስተያየት ቦታውን፣ ምክንያቱንና መፍትሔውን ይናገራል። «አላማረኝም»፣ «ይሻሻል»፣ «ግልጽ አይደለም» የሚሉት ለአዘጋጁ ምንም አይነግሩትም። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ይጻፍ፦ «ገጽ 8፤ 'ወደ ማዳበሪያው ጨምሩ' የሚለው ይለወጥ። በአካባቢያችን ማዳበሪያ የሚባለው ጆንያውም ዩሪያውም ስለሆነ፣ ድምፁን ብቻ የሚሰማ ሰው ሊሳሳት ይችላል። 'ጆንያ' ቢባል ይሻላል። ክብደት ሀ።»

ማን በምን ላይ ይወስናል?

በግምገማ ጊዜ ጠብ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ሰዎች ስለማይስማሙ ሳይሆን፣ በምን ጉዳይ የማን ቃል እንደሚጸና ስላልተወሰነ ነው። ሦስት ወሰኖች ይበጁ።

በእውነታው ላይ የሙያው ባለሙያ ቃል ይጸናል። ለምሳሌ በገጽ 4 ረቂቅ ላይ «ጨው ካልተጣበቀ በቆሎው ደርቋል፣ በጆንያ ይግባ» ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ፣ ባለሙያው ያስቆመዋል። ጨው አለመጣበቁ የሚያሳየው እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች መሆኑን ብቻ ነው። አየር በማያስገባ ጆንያ ለሚከማች በቆሎ ግን 13 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች መሆኑ ይመረጣል። እርጥበት ያለው እህል በላስቲክ ሲታሸግ ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ ለሰውና ለከብት ጤና ጠንቅ የሆነውን አፍላቶክሲን ሊያመነጭ ይችላል። ስለዚህ አረፍተ ነገሩ «ጨው ከተጣበቀ አልደረቀም፣ ተመልሶ ይሰጣ፤ ጨው ካልተጣበቀም ለእርግጠኛነት ተጨማሪ ፀሐይ ያግኝ፤ የእርጥበት መለኪያ በማኅበሩ ካለ ይለካ» ተብሎ ይታረማል። ነቀዝን ሊያድን የመጣ ትምህርት ሻጋታ እንዳያመጣ የሚጠብቀው ይህ ዓይነቱ እርማት ነው።

በትምህርቱ ወሰንና በመሥሪያ ቤቱ አሠራር ላይ የአዛዡ ቃል ይጸናል። ይኸውም የትኛው ገበሬ እንደሚደርሰው፣ በስንት ቋንቋ እንደሚዘጋጅ፣ ጆንያው ከየትኛው ማኅበር እንደሚገዛ የሚመለከተው ነው። አዛዡ የኃላፊ ንግግርና የድርጅት ዓርማ በመጀመሪያው ደቂቃ እንዲገባ ቢጠይቅ አዘጋጁ አይከልክል፤ ነገር ግን ተማሪው ዳታ ከፍሎ የሚያየው መሆኑንና በመጀመሪያ የሚያየው ነገር እንዲቀጥል ወይም እንዲተው እንደሚያደርገው አስረድቶ፣ ዓርማው ከመጨረሻው ገጽ እንዲገባ ያማክር።

በመረዳት ላይ የተማሪው ቃል ይጸናል። ባለሙያውም አዛዡም «ግልጽ ነው» ብለው፣ ለአምስት ገበሬዎች ሲታይ አራቱ ካልገባቸው ግልጽ አይደለም።

ወሰኖቹ የሚፈተኑበት ጉዳይም አለ። የማኅበሩ መጋዘን ነቀዝን ለማጥፋት የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል፣ በተለምዶ የነቀዝ ክኒን የሚባለውን፣ የሚጠቀም ነው እንበል። አዛዡ ማኅበር በገጽ 12 ላይ ስለ ክኒኑ አጠቃቀም እንዲጨመር ይጠይቃል። ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጋዘን ጠባቂው ያስፈልገዋልና። ነገር ግን ከክኒኑ የሚወጣው የፎስፊን ጋዝ ሰውን የሚገድል ነው፤ በሠለጠነ ሰው፣ በሚዘጋና ሰው በማያድርበት መጋዘን ካልሆነ በቀር ሊሠራበት አይገባም። ትምህርቱ ደግሞ እህሏን ከምትተኛበት ቤት ለምታስቀምጥ እመቤትም ይደርሳል። ፊልሙ የመጋዘኑን አሠራር ቢያሳይ፣ ያየችው ሴት በቤቷ ብትሞክረው ቤተሰቡ ሊያልቅ ይችላል።

እዚህ ላይ በመጀመሪያ የተፈረመው ወረቀት ይወጣል። የሚማረው ማን ነው? በቤት የሚያከማች ገበሬ ነው። እንግዲህ ክኒኑ ከዚህ ትምህርት ይወጣል፤ በምትኩ ገጽ 12 «በጆንያው ውስጥ ምንም ዓይነት መድኃኒት አይጨምሩ፤ የነቀዝ ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አያስገቡ» ይላል። ለመጋዘን ጠባቂዎች የሚያስፈልገው ትምህርት ለብቻው ይዘጋጃል፤ የሚሰጠውም ለእነርሱ ብቻ፣ ከተግባር ሥልጠና ጋር ይሆናል። ማኅበሩ የጠየቀው አልተከለከለም፤ በቦታው ዋለ እንጂ። ይህ ውሳኔ በወረቀት ላይ በአንድ ስብሰባ ያልቃል። ፊልሙ ከተሰራጨ በኋላ ቢነሳ ግን የሚመልሰው የለም።

ስቶሪቦርዱን በገበሬው ፊት መፈተሽ

የስቶሪቦርድ ገጾች በወረቀት ላይ ያሉ ስለሆኑ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ይዞ መሄድ ይቻላል። ሙከራው ብዙ ሰው አይፈልግም፤ ወንዶችም ሴቶችም፣ ማንበብ የሚችሉም የማይችሉም የሚገኙባቸው ጥቂት ገበሬዎች ይበቃሉ። በብዙ ቤት የእህል አያያዝ የሴቶች ኃላፊነት ስለሆነ የሴቶቹ ቁጥር እንዳያንስ ጥንቃቄ ይደረግ።

አዘጋጁ ማስረዳት የለበትም። ሥዕሉን አሳይቶ «እዚህ ላይ ምን ይታይዎታል?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይበል። ቀጥሎ ቃሉን ያንብብና «እስቲ ለጎረቤትዎ እንደሚነግሩ አድርገው ይንገሩኝ» ይበል። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ግን አይጠቅምም፤ ባላገር ሰው እንግዳን ላለማሳፈር «አዎን» ይላልና።

በእንዲህ ያለው ሙከራ በተለይ የሚከተሉት ይታዩ፦

ሀ. ነቀዙ እንዲታይ ተብሎ ጡጫ አክሎ ከተሳለ፣ ተመልካቹ ሌላ ፍጥረት ሊመስለው ይችላል። ከእህል ፍሬ ጋር ጎን ለጎን ይሳል።

ለ. በሥዕል ላይ የተደረገ የመስቀል ምልክት «አታድርግ» ማለት መሆኑ ለተማረ ሰው እንጂ ለሁሉ ግልጽ አይደለም። ክልከላው በድምፅም ይነገር።

ሐ. ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደሩ ሥዕሎችን በዚያ ተራ የሚያያቸው ማንበብ የለመደ ሰው ነው። ቁጥር ይደረግባቸው፣ ወይም አንድ በአንድ ይታዩ።

መ. በሌላ ቋንቋ የሚዘጋጀው ቅጂ ቃል በቃል አይተርጎም። ስቶሪቦርዱ ለቋንቋው ተናጋሪ ተሰጥቶ፣ ሥዕሉን እያየ በራሱ አነጋገር ይጻፈው፤ ከዚያም ይህ ሙከራ በዚያ ቋንቋ እንደገና ይደረግ። ድምፁም ከሥዕሉ የሚረዝም ወይም የሚያጥር ሊሆን ስለሚችል በየገጹ መጨረሻ ትንሽ ፋታ ይተው።

ከልማት ሠራተኞችና ከማኅበራት የሚጠበቀው

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በዚህ ሥራ ሁለት ድርሻ አለው። ባለሙያው የማያውቀውን የአካባቢ ቃልና ልማድ ስለሚያውቅ ገምጋሚ ነው፤ ትምህርቱን ይዞ በገበሬው ፊት የሚቆመውም እርሱ ስለሆነ የመጀመሪያው ተማሪ ነው። ረቂቅ ሲላክለት «አይቻለሁ፣ ጥሩ ነው» ብሎ መመለስ ለአዘጋጁ ውለታ አይደለም። በኋላ የገበሬውን ጥያቄ የሚመልሰው እርሱው ነውና፣ ጥያቄውን አሁን ይጠይቅ።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ ትምህርት በገንዘቡ ሲያሠራ በውሉ ላይ የሚከተሉት መግባታቸውን ያረጋግጥ፦ ግምገማው ሦስት ደረጃ እንዳለው፤ ስቶሪቦርዱ ሳይጸድቅ ቀረጻ እንደማይጀመር፤ ክፍያው በየደረጃው እንደሚከፈል፤ ከገበሬዎች ጋር የሚደረገው ሙከራ የአዘጋጁ ግዴታ እንደሆነ፤ ሥራው ሲያልቅ ስቶሪቦርዱና ያልተቆረጠው ቀረጻ ለማኅበሩ እንደሚተላለፉ። የመጨረሻው በተለይ አይዘንጋ። ምክሩ የተለወጠ ዕለት አንድ ገጽ ብቻ ለማደስ የሚቻለው እነዚህ በእጅ ሲኖሩ ነው።

ማጠቃለያ

1. የሚማረው ማን እንደሆነና ምን ማድረግ እንዲችል እንደሚፈለግ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይፈረም።
2. በአንድ የስቶሪቦርድ ገጽ አንድ ሐሳብ ይስፈር፤ ቃሉ ሰዓት ተይዞ ይነበብ።
3. የጊዜ ሰሌዳው ከአዝመራው ወቅት ወደ ኋላ ይቆጠር።
4. አስተያየት በአንድ ሰው በኩል፣ በገጽ ቁጥር፣ ከነምክንያቱና ከነክብደቱ ይምጣ።
5. በእውነታው ባለሙያው፣ በወሰኑ አዛዡ፣ በመረዳት ተማሪው ይወስኑ።
6. ስቶሪቦርዱ ለገበሬዎች ሳይታይ ካሜራ አይነሳ።
7. እያንዳንዱ ረቂቅ ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ የጸደቀው ቅጂ በፊርማ ይቀመጥ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ስሕተትን በወረቀት ላይ ሳለ ማግኘት ለሁሉም ወገን ይቀላል። ይህን ዘዴ ለመለማመድ ትልቅ ሥራ መጠበቅ አያስፈልግም። በሚቀጥለው የሥልጠና ቀን ልታስተምሩት ያሰባችሁትን አንድ ተግባር በስድስት ወረቀት ነድፋችሁ ለሁለት ገበሬዎችና ለአንድ የሥራ ባልደረባችሁ አሳዩ። ከሦስቱ የምታገኙት አስተያየት የዘዴውን ጥቅም ከዚህ ጽሑፍ ይልቅ ያስረዳችኋል።